የጥንታዊ ቲቤትኛ ምስክሮች

በላሳ ከተማ፣ ጆካንግ በሚባለው ታላቅ ቤተ መቅደስ ደጃፍ አንድ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። የተተከለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ823 ነው። ቲቤትና የቻይናው የታንግ መንግሥት በ821 በቻንግአን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በላሳ ተማምለው ነበር፤ የተማማሉበት ቃል በዓምዱ ምዕራባዊ ገጽ በሁለቱም ቋንቋ ተቀርጿል። በሰሜኑ ገጽ የቲቤት ሹማምንት፣ በደቡቡ የቻይና ሹማምንት ስም ተዘርዝሯል። ስም አይተረጎምም፤ እንደተሰማ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የቲቤቱ ሹም ስም በቻይና ቁምፊ፣ የቻይናውም በቲቤት ፊደል ጆሮ እንደያዘው ሰፈረ። የቋንቋ ተመራማሪዎች ይህን ድንጋይ የሚወዱት ከፖለቲካው ይልቅ ለዚህ ነው።

የቃል ኪዳኑ ንጉሥ ስም በቲቤት ፊደል ሲጻፍ «ክህሪ ግትሱግ ልዴ ብርትሳን» ነው። የዛሬ ላሳ ነዋሪ ሲያነበው ግማሹን ፊደል ዘሎ «ትሪ ትሱክ» ብሎ ይጀምራል። የታንግ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ቀለሞች ለመጻፍ አራት ቁምፊዎች አስፈልገዋቸዋል፤ በዚያ ዘመን ንባብ በግምት «ካ-ሊ-ካ-ትሶክ» የሚል ነው። በቻይንኛ ሁለት ተነባቢዎች በአንድ ቀለም መነሻ ላይ መደራረብ ስለማይችሉ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ለብቻው ቁምፊ ሰጠው። ይህም የሚነግረን «ክህ» እና «ሪ» ተለያይተው ይሰሙ እንደነበር፣ ከ«ትሱግ» በፊት ያለችው «ግ»ም ለጌጥ የተቀመጠች እንዳልሆነች ነው። ላሳ ዛሬ የማትጠራው ፊደል በ9ኛው መቶ ዓመት ይጠራ ነበር።

ይህን ነገር ቀድመው በስፋት ካጠኑት አንዱ በርቶልድ ላውፈር ነው። በ1914 ባሳተመው ጥናት መነሻው ሌላ ጽሑፍ ነበር፤ ቁራ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው አቅጣጫ ሲጮህ ምን እንደሚመጣ የሚናገር የጥንቆላ ሰንጠረዥ። የቁራን ድምፅ ከሚተረጉመው ወረቀት ተነሥቶ የ9ኛውን መቶ ዓመት የቲቤት ሰዎች ድምፅ ወደ መመርመር ሄደ።

ሌላው ምስክር ዛሬም ይናገራል። በሰሜን ፓኪስታን፣ በካራኮራም ተራሮች መካከል፣ ባልቲስታን በሚባለው አገር የሚኖሩ ሰዎች ባልቲ የሚባል ከቲቤትኛ ወገን የሆነ ቋንቋ አላቸው። ሙስሊሞች ናቸው፤ ከቲቤት ገዳማትና ከቲቤት ፊደል ከተለያዩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲጽፉም የፋርስና የዐረብ ፊደል ይዘዋል። «ሦስት» በጥንታዊው ጽሑፍ «ግሱም» ነው። ላሳ «ሱም» ትላለች፤ ባልቲው «ኽሱም» ይላል። ሩዝ ሲጻፍ «ብ»ም፣ «ር»ም፣ መጨረሻ ላይ «ስ»ም አለበት። ላሳ ሁሉንም አዋሕዳ «ድሬ» ስትል ባልቲው ዛሬም «ብራስ» ይላል። የባልቲው ቃል ክብደት የሚኖረው ሆሄ አይቶ ስለማይናገር ነው። መጽሐፉን ያላየ አፍ የመጽሐፉን ፊደል ከጠራ፣ ያ ፊደል በእርግጥ ድምፅ ነበረ ማለት ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ንጉሥ»ን በንጉሡ ሠ፣ «ሕግ»ን በሐመሩ ሐ ስንጽፍ አፋችን የተወውን ልዩነት እጃችን ይጠብቀዋል፤ ልዩነቱ ግን አንድ ዘመን ላይ ድምፅ ነበር። በቲቤትኛ ይህ በየቃሉ ያጋጥማል። ፊደሉ ከህንድ ፊደላት ተቀድቶ የተሠራ፣ ሠላሳ ተነባቢዎችና አራት የአናባቢ ምልክቶች ያሉት ነው፤ በአንድ ቀለም ላይ እስከ አራት የሚደርሱ ተነባቢዎች ከፊት፣ ከላይና ከታች ሊደረደሩ ይችላሉ። ቲቤትኛ መማር የጀመረ ሰው መጀመሪያ ላይ በዚህ ክምር ይማረራል። ጥንታዊውን ቲቤትኛ የሚያጠና ሰው ግን እያንዳንዷን ዝም ያለች ፊደል እንደ ሀብት ይቆጥራታል።

ይህ ጥናት ሊኖር የቻለው በአንድ ዋሻ ምክንያት ነው። በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የታኦ መነኩሴ በምዕራብ ቻይና ዱንሁዋንግ አጠገብ የሚገኙትን የሞጋዎ ዋሻዎች ሲጠብቅና ሲያድስ ከግድግዳ ጀርባ የተደፈነ ክፍል አገኘ። ክፍሉ ከ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ የቆየ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ በጥቅልል የተሞላ ነበር፤ ዛሬ ዋሻ 17 ይባላል። በ1907 አሳሹ ኦሬል ስታይን፣ በ1908 ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ፔሊዮ መጡ። ፔሊዮ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሻማ አብርቶ ጥቅልሎቹን ሲያገላብጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ቻይንኛ አዋቂ ስለነበር መራርጦ ወሰደ። ሁለቱም ለመነኩሴው የከፈሉት ከወሰዱት ሀብት ጋር የሚመዛዘን አልነበረም። የስታይን ድርሻ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ የፔሊዮ ድርሻ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍቶቻችንም በዚያው በለንደኑ ቤት ስላሉ፣ የቻይና ሊቃውንት ስለ ዱንሁዋንግ ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ ያለውን ቁጭት እኛ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

ዱንሁዋንግ ከ780ዎቹ ጀምሮ እስከ 848 በቲቤት እጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ በትውልድ ቻይናዊ የሆኑ ጸሐፊዎች ለንጉሠ ነገሥቱ በረከት የቡድሃ መጻሕፍትን በቲቤትኛ ይገለብጡ ነበር። ወረቀቱ ተቆጥሮ ይሰጣቸዋል፤ ያባከነ ይቀጣል። ሆኖም የተበላሸው ወረቀት አልተጣለም። በኅዳጉና በጀርባው ደብዳቤ፣ የሒሳብ ማስታወሻ፣ የብዕር ሙከራ ተጻፈበት። ቲቤትኛን በትምህርት ያገኙ ሰዎች ስለነበሩ የሆሄ ስህተታቸው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ጆሮው ወደሚያደላበት ነውና። ማርሴል ላሉ የፓሪሱን ስብስብ በሦስት ቅጽ ዘርዝራ ለመጨረስ ከ1939 እስከ 1961 ሠርታለች። እንደ እርሷ ያሉ ዝርዝር አዘጋጆች ስማቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይነሣል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ጥናት ሁሉ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ተማሪ ዛሬ ፓሪስ ሳይሄድ፣ የመጽሐፍ ቲቤትኛ ብቻ ተምሮ፣ ፔሊዮ ቲቤታን 1288 የሚለውን ቁጥር ከፍቶ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ያያል እንበል። የሚያየው የቲቤት ዜና መዋዕል የሚባለው ሰነድ አንዱ ክፍል ነው። ከ641 እስከ 764 ድረስ የነበሩትን ዓመታት በአይጥ፣ በበሬ፣ በነብር እያለ በእንስሳ ስም ይቆጥራል። ንጉሡ በበጋ የት ሰፈረ፣ ጉባኤው የት ተቀመጠ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፤ ሌላ ጌጥ የለውም። ተማሪው ግን የመጀመሪያውን መስመር ከመጨረሱ በፊት ይደናቀፋል። የ«ኢ» ምልክት አንዳንዴ ወደ ግራ ዞራ ተጽፋለች፤ የተገላበጠችው ከቀጥተኛዋ የተለየ ድምፅ ታመለክት እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። «የለም» የሚለው ቃል መጽሐፍ ላይ «ሜድ» ተብሎ ነበር የተማረው፤ እዚህ «ምዬድ» ነው። «ሰው»ም «ሚ» መሆኑ ቀርቶ «ምዪ» ሆኗል። ከ«ኢ»ና ከ«ኤ» በፊት የምትመጣ «ም» ሁሉ ከሥሯ «ይ» ተንጠልጥሎባታል። ትንፋሽ ያለው «ክህ» እና ትንፋሽ የሌለው «ክ» እየተለዋወጡ ይመጣሉ።

ከነዚህ ሁሉ እኔን የምትማርከኝ አንዲት «ድ» ናት። በጥንታዊው ጽሑፍ ከ«ን»፣ ከ«ር» እና ከ«ል» ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ትገኛለች፤ የቲቤት ሰዋስው ምሁራን «ዳ ድራግ»፣ ብርቱዋ «ዳ» ይሏታል። በ9ኛው መቶ ዓመት በተደረገው የሆሄ ማስተካከያ እንድትቀር ተደረገ፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት አትታይም። ይሁን እንጂ በጎረቤቷ ላይ ምልክት ሳትተው አልሄደችም። «ወደ» ወይም «እስከ» የሚል ስሜት ያላት ቅጥያ ከ«ን» በኋላ «ዱ» መሆን ይገባታል። «እጅግ» የሚለው ቃል ግን «ሺን ዱ» ሳይሆን «ሺን ቱ» ነው። ተማሪ ለዘመናት ይህን ከሕግ ውጭ ነው ብሎ በቃሉ ሲይዝ ኖሯል። ጥንታዊውን ሆሄ ያየ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቃሉ «ሺንድ» ነበር። «ድ» ተሰረዘች፤ ያስከተለቻት «ቱ» ሳትለወጥ ቀረች።

ሆሄው ብቻ አይደለም የተስተካከለው። በ814 ንጉሥ ትሪዴ ሶንግትሰን ባወጣው ዐዋጅ የቡድሃን መጻሕፍት ከሳንስክሪት የሚመልሱ ሊቃውንት እንዴት እንዲተረጉሙ ተደነገገ። ተርጓሚ በራሱ ፈቃድ አዲስ ቃል እየፈጠረ እንዳይበትን፣ ቃሉ ቤተ መንግሥት ቀርቦ እንዲታይ ታዘዘ። ከዚህ ሥራ ጋር የተወለደው ማሃቭዩትፓቲ የተባለ የሳንስክሪትና የቲቤትኛ መዝገብ 9,500 ያህል ቃላትና ሐረጋትን ይዟል። በዓለም ላይ እንዲህ ተጠንቅቆ የተደራጀ የትርጉም ሥራ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም፤ ዛሬ በህንድ የጠፉ መጻሕፍት በቲቤትኛ ተነበው ሳንስክሪታቸው የሚገመተው በዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ነው። ለጥንታዊው ቋንቋ አጥኚ ግን ይኸው ትልቅ ሥራ ፈተናም ሆኗል። ቃላቱ ከዚያ በኋላ በሃይማኖቱ ልክ ተሰፍተዋልና ከ814 በፊት ምን ማለት እንደነበሩ የኋለኛው መዝገበ ቃላት አይነግረንም። «ቾስ» የሚለው ቃል ለኋለኛው አንባቢ የቡድሃ ትምህርት ነው፤ በጥንታዊ ሰነዶች ልማድና ሥርዐት ማለትም ነበር። የቲቤት ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ የድሮውን ቃል ከአዲሱ ጎን አቁመው የሚያብራሩ መጻሕፍትን ጽፈዋል።

ሰዋስውም እንዲሁ ነው። በትውፊቱ መሠረት ንጉሥ ሶንግትሰን ጋምፖ በ7ኛው መቶ ዓመት ቶንሚ ሳምቦታ የተባለ ሰው ወደ ህንድ ልኮ፣ ሰውየው ፊደሉን ቀርጾና የሰዋስው ድርሳናትን ጽፎ ተመለሰ። ሁለቱ ድርሳናት ዛሬም በየገዳሙ በቃል ይጠናሉ። የዱንሁዋንግ ዜና መዋዕል ግን ስለ ሰውየው ዝም ይላል። ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚጠናው ሌላው የታሪክ መጽሐፍ ጽሕፈት በዚያ ንጉሥ ዘመን እንደመጣ ይናገራል እንጂ በቶንሚ እጅ መጣ አይልም። የድርሳናቱም ዘመን ከ7ኛው መቶ ዓመት የኋላ መሆኑን ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ይቀበላሉ። ይህ የትውፊቱን ክብር አይነካም፤ ድርሳናቱ ለሺህ ዓመት ያህል ቋንቋውን አንድ አድርገው ጠብቀዋል። ነገር ግን የ7ኛውን መቶ ዓመት ግስ ለመረዳት ድርሳኑን ሳይሆን ሰነዱን መጠየቅ ግድ ነው።

ግሱ የዚህ ቋንቋ ጉልበት ያለበት ቦታ ነው። እንደ አማርኛ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል። እርባው አራት ነው፤ የአሁን፣ የኀላፊ፣ የትንቢትና የትእዛዝ። «መፈጸም» የሚለው ግስ «ስግሩብ፣ ብስግሩብስ፣ ብስግሩብ፣ ስግሩብስ» ይላል። ከፊት «ብ»፣ ከኋላ «ስ» በመምጣትና በመቅረት ጊዜው ይለያል። ላሳ ላይ አራቱም ሲነበቡ ወደ «ድሩፕ» ይጠጋሉ፤ ልዩነቱን የሚያየው ዓይን ብቻ ነው። ባለቤቱንም ልብ ይሏል። አማርኛ ተሳቢውን በ«ን» ሲያመለክት ቲቤትኛ ተሳቢውን ባዶ ትቶ ምልክቱን አድራጊው ላይ ያሳርፋል። «ጊ» የባለቤትነት ነው፤ «ጊስ» የአድራጊ። ስለዚህ «የሚኒስትሩ» እና «ሚኒስትሩ አደረገ» የሚሉትን የምትለያቸው አንዲት «ስ» ናት። የወረቀቱ ጠርዝ ተበልቶ ያቺ «ስ» ከጠፋች ሕጉን የጻፈው ማን እንደሆነ ይጠፋል። ዜና መዋዕሉ በ655፣ በጥንቸል ዓመት፣ ታላቁ ሚኒስትር ቶንግትሰን የሕጉን ጽሑፍ ጎርቲ በተባለ ቦታ እንደጻፈ ይመዘግባል። በኋላ «ክህሪምስ» የሚባለው ሕግ እዚያ «ግሪምስ» ተብሎ ነው የሰፈረው።

ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ባለው መዝገብ ላይ ሁለት ተራ የሚመስሉ ቃላት አሉ። ሕዝቡ «ርጎድ» እና «ግዩንግ» ተብሎ ተከፈለ ይላል። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የተመለከተ የመጀመሪያው «የዱር»፣ ሁለተኛው «ለማዳ» መሆኑን ያገኛል። አንድ መንግሥት ሕዝቡን የዱርና ለማዳ ብሎ ይከፍላል? ሀንጋሪያዊው ጌዛ ኡራይና ሌሎችም ቃላቱ የገቡባቸውን ሌሎች ሰነዶች አሰባስበው ሲያነቡ «ርጎድ» ለጦር የሚሰለፈው፣ «ግዩንግ» ደግሞ አርሶና አርብቶ ጦሩን የሚመግበው ወገን ሆኖ ተገኘ። የቲቤት ጦር ከመካከለኛው እስያ እስከ ቻንግአን የደረሰበት ሥርዐት በዚህች ክፍፍል ላይ ተመሥርቷል። ቃሉ ባይገባን ታሪኩም አይገባንም ነበር።

በዚህ መስክ ስለ ቃል የተደረገው ትልቁ ክርክር ግን «ግትሱግ ላግ» የሚለውን ይመለከታል። በ1971 አሪያን ማክዶናልድ በፓሪስ የፔሊዮን ሰነዶች መርምራ ባወጣችው ሰፊ ጥናት ይህ ቃል ከቡድሃ ትምህርት በፊት የነበረው የነገሥታቱ ሃይማኖት ስም ነው አለች። ብዙዎች ተቀበሏት፤ ጥናቷ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነበር። በ1985 ሮልፍ ስታይን፣ ዋሻውን ከጎበኘው ስታይን ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ሰው፣ ቃሉን ባገኘበት ሁሉ ተከተለው። ዱንሁዋንግ ውስጥ ከቻይና ጥንታዊ መጻሕፍት ወደ ቲቤትኛ የተመለሱ ጽሑፎች ስላሉ ቃሉ የትኛውን የቻይንኛ ቃል ተክቶ እንደገባ ማየት ይቻል ነበር። የደረሰበት ፍርድ ቃሉ ጥበብን፣ ሊቃውንት የጻፉትን ትምህርትና የመልካም አስተዳደርን ዕውቀት እንጂ አንድን ሃይማኖት አይሰይምም የሚል ሆነ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአሸናፊነቱ የሚበልጥብኝ አካሄዱ ነው። ስታይን ቃሉን በሥርወ ቃል ሊፈታው ወይም ከኋለኛ ሊቅ ትርጓሜ ሊያመጣው አልሞከረም፤ በዘመኑ ካሉ ጽሑፎች ውስጥ ማን በየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደተናገረው ጠየቀ።

በዘመኑ ማለት ግን ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቲቤት በ848 ዱንሁዋንግን ካጣች በኋላ ቲቤትኛው ከአካባቢው አልጠፋም። በጋንሱና በኮታን የነበሩ መንግሥታት የራሳቸውን ደብዳቤ በቲቤትኛ ይጽፉ እንደነበር ኡራይ በ1981 አሳይቷል። የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪ ነጋዴዎችና ገዢዎች የሚግባቡበት ልሳን ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከዋሻው የወጣ ወረቀት ሁሉ የነገሥታቱ ዘመን አይደለም፤ ቃሉን ከመመስከሩ በፊት ወረቀቱ ራሱ ዕድሜውን መመስከር አለበት።

መሣሪያው ዛሬ ተሻሽሏል። በ1994 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የዱንሁዋንግ ፕሮጀክት ምስሎቹን ለሁሉ ከፍቷል። የጃፓን ተመራማሪዎች የመሩት የጥንታዊ ቲቤትኛ ሰነዶች መድረክ ጽሑፎቹን ፊደል በፊደል ገልብጦ የሚፈለግ አድርጓቸዋል። ናታን ሂል በ2010 የግሶቹን እርባ ከየመዝገበ ቃላቱ ሰብስቦ አሳትሟል፤ ዮአና ቢያሌክ በ2018 ሁለት ቅጽ ሙሉ ስለ ጥምር ቃላት ብቻ ጽፋለች። ላሉ ወረቀት በወረቀት ትፈትሸው የነበረውን ቃል ተማሪ በሰከንዶች ያገኘዋል። የተገኘውን ዐረፍተ ነገር ግን አሁንም ሰው ነው ቁጭ ብሎ የሚያነበው።

ጥናቱን የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ከነገሥታቱ ታሪክ እንዳይጀምር እለዋለሁ። ውበቱ ያሳስታል፤ ግጥሙና ዘይቤው ልምድ ያለውን አንባቢም ያደናቅፋል። ከውሎች ይጀምር። ትሱጉሂቶ ታኬኡቺ በ1995 ከዱንሁዋንግና ከሌሎች የመካከለኛው እስያ ቦታዎች የተገኙ የጥንታዊ ቲቤትኛ ውሎችን አጥንቶ አሳትሟል፤ የሽያጭ፣ የብድርና የቅጥር ናቸው። እህል የተበደረ ሰው በመኸር እንደሚከፍል ይናገራል። ካልከፈለ እጥፍ ይሆንበታል፤ ንብረቱም ሊያዝ ይችላል። እርሱ ከጠፋ ዋሱ ይተካል። ምስክሮች ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ፤ ተበዳሪው የጣቱን ልክ ያኖራል። ቀመሩ ከውል ወደ ውል ይደጋገማልና አንዱ ወረቀት ላይ የተቀደደው ቃል ሌላው ላይ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ተማሪው እዚያ «ተበደረ» የሚለውን በኀላፊው፣ «ይከፍላል» የሚለውን በትንቢቱ እርባ ያገኛል። ሁለቱን አፍራሾችም በየቦታቸው ያያቸዋል፤ «ማ» ለኀላፊው ግስ፣ «ምዪ» ለአሁኑና ለትንቢቱ። «ምዪ»ም ከሥሯ ያቺን «ይ» እንደተሸከመች ናት።